ከኬላው ጀምሮ

«ያለው የአባባ ክፍል ብቻ ነው» አለች ኛላም።

ረታ ይህን የሰማው ጎህ ሲቀድ፣ ግቢው ውስጥ ከቧንቧው ሥር ጎንበስ ብሎ ጀሪካን ሲሞላ ነበር። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው፣ ያውም ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ፤ ስለዚህ ውሃ መጠበቅ ከጡረታ ወዲህ የእሱ ሥራ ሆኗል። በመጋቢት ሙቀት ጋምቤላ ላይ መስኮት ዘግቶ የሚያድር የለም። የልጁና የምራቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል። የትንኝ መረብ ብቻ ነው ያለው፤ መረቡ ደግሞ ትንኙን እንጂ ወሬውን አልከለከለም።

«አንተ ባለህበት ጣሪያ ሥር እማዬ አትተኛም፤ ታውቃለህ» አለች ቀጥላ። «እሷ ታፍራለች። አንተም ታፍራለህ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ» አለ ልጁ አብኔር፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ።

«እና አባባስ?»

ረታ የቧንቧውን ውሃ ቀነስ አደረገው።

«መቱ፣ ሲፈን ጋ ይሄዳሉ። ዛሬ ትየርኪዲ ይዣቸው እሄዳለሁ። መንገድ ላይ እነግራቸዋለሁ።»

«አንተ?» ኛላም ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አልነበረም። «አንተና አባባ ከገና ወዲህ ‹እንደምን አደሩ› እና ‹ደህና እደሩ› ብቻ ነው የተባባላችሁት። ምን ብለህ ትነግራቸዋለህ?»

«እንጃ። እነግራቸዋለሁ።»

ጀሪካኑ ሞልቶ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ረታ ቧንቧውን ዘጋ፣ ጀሪካኑን አንስቶ ክፍሉ ደጃፍ አደረሰና አስቀመጠው፤ ምንም እንዳልሰማ ሰው፣ ጫማው ውስጥ የገባው ውሃ በየእርምጃው ጮቅ ጮቅ እያለ።

ክፍሏ ከግቢው ጀርባ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር ናት። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት እሱና ሚስቱ እሙዬ ከወለጋ ወደዚህ አገር ሲመጡ መጀመሪያ የሠሩት እሷን ነው፤ ትልቁ ቤት ኋላ፣ ልጆቹ ሲያድጉ የመጣ ነው። አንድ አልጋ አላት፣ ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ቬንቲሌተር አላት፣ ግድግዳዋ ላይ ከሁለት ዓመት በፊት ያለቀ የቀን መቁጠሪያ አለ። መቁጠሪያው የቆመው እሙዬ በሞተችበት ወር ላይ ነው። ረታ ለሐዘን ብሎ ያቆመው አይደለም፤ በየወሩ የምትገልጠው እሷ ነበረች፣ እሷ ስትሄድ የሚገልጠው ጠፋ፣ በቃ። አብኔር ኛላምን ሲያገባ ደግሞ ራሱ ረታ ነው «ትልቁን ቤት ያዙት፣ እኔ አንድ ሰው ነኝ» ብሎ ወደዚች ክፍል የተመለሰው። ማንም አልገፋውም። እንግዲህ አንድ ሰው ነኝ ያለውን አምነውታል ማለት ነው። መቱንም ያውቃታል። ባለፈው ዓመት ሴት ልጁ ሲፈን ጋ አራት ቀን ሰንብቷል። ጉም አለ፣ ብርድ አለ፣ ሲፈን ከባሏና ከሦስት ልጆቿ ጋር በሁለት ክፍል ነው የምትኖረው። ምግብ አልጎደለበትም፣ ፍቅርም አልጎደለበትም፤ ሰው ሁሉ ግን መንገድ መሐል እንደተበላሸ መኪና በእሱ ዙሪያ እየዞረ ነበር የሚያልፈው።

ኛላምን እንዳትጠሏት። ልጅቷ የስምንት ወር እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያዋ ነው፤ እናቷ አጠገቧ እንድትሆን ብትፈልግ ምን ይገርማል። እናቷ ኛባንግ ከደቡብ ሱዳን ተሰዳ ትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ ነው የምትኖረው። ከጣቢያው ወጥታ ከተማ የምትቀመጥበት የይለፍ ወረቀት ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተሰጥቷታል፤ የሚጀምረውም ዛሬ ነው። በኑዌሮች ዘንድ ደግሞ የልጅ ባልና የሚስት እናት እንዲህ በዋዛ አንድ ቤት አይገቡም። ይከባበራሉ፤ አንዱ አንዱ ፊት አይበላም፣ ሲገናኙ ሁለቱም ዓይናቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ። አብኔር ኑዌር ባይሆንም ሚስቱን ሲወስድ ወጓንም አብሮ ወስዷል፤ በዚህም ረታ በልጁ ኮርቶ ያውቃል። እንግዲህ ለአማቱ ለብቻው የቆመ ክፍል ያስፈልጋታል፤ ግቢው ውስጥ ለብቻው የቆመ ክፍል ያለው አንድ ነው። የሚጣሉት ሰው እንኳ የሌለበት ነገር ነው። ረታን የከበደውም ይኸው ነው፤ የሚቆጣው ሰው ቢያገኝ ኖሮ ይቀለው ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አብኔር መኪናዋን ሲያስነሳ ረታ ሸሚዙን ቀይሮ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኛላም በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው። «መንገድ ላይ ይቀልጣል፣ አባባ። ይጠጡ» አለችው፤ ዓይኑን ግን አላየችውም። መኪናዋ ነጠላ ጋቢና ያላት ነጭ ፒካፕ ናት። ረታ ሃያ ሁለት ዓመት የነዳት የመሥሪያ ቤት መኪና ነበረች፤ ጡረታ ሲወጣ በጨረታ ገዛት፣ ቁልፏንም ለልጁ ሰጠ። አብኔር በእሷ ከከተማው ወደ ኢታንግ ዕቃና ሰው ያመላልሳል፤ ቤቱ የሚበላው ከእሷ ነው። መኪናዋ ከቆመችበት ስትነቃነቅ አሸዋው ላይ መዳፍ የምታህል ጥቁር የዘይት እድፍ ታየች። ረታ ይቺን እድፍ ሳምንት ሙሉ አይቷታል። በየጠዋቱ ትሰፋለች፣ በየጠዋቱም እሱ በጫማው አፈር መለስ ያደርግባታል።

ለምን አይናገርም ትሉ ይሆናል። በሹፌሮች መካከል ሕግ አለ፤ የትም አልተጻፈም፣ የማያውቀው ሹፌር ግን የለም። የመኪና ጌታ መሪ የያዘው ሰው ነው። ሌላ ሹፌር ጋቢና ሲገባ እንግዳ ነው፤ ዳሽቦርድ አያይም፣ «ማርሽ ቀይር» አይልም፣ «ምንድን ነው የሚጮኸው?» ብሎ አይጠይቅም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ከተገኘ ሻይ ቤት ውስጥ ወር ሙሉ ይሳቅበታል። ረታ ቁልፉን ሲሰጥ አብኔርን ይህንኑ ነው ያለው፤ «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ናት፣ እኔ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልተነፍስም።» ቃሉንም ጠበቀ። ሦስት ዓመት ጠበቀ። መጀመሪያ ስለ መኪናዋ ማውራት ቀረ፤ ከመኪናዋ ሌላ አባትና ልጅ የሚያወሩት ብዙ ነገር እንዳልነበራቸው የታወቀው ያኔ ነው።

አሁንም ጋቢና ገብቶ ሲቀመጥ ዳሽቦርዱን ላለማየት ወደ መስኮቱ ዞረ። ሳያያትም ግን ያውቃታል። ከመሪው ጀርባ በስተግራ፣ የዘይት መብራቷ ላይ፣ ጥፍር የምታህል የቁስል ፕላስተር ተለጥፋለች። የለጠፋት እሱ ነው። መሥሪያ ቤት ሳለ መብራቷ ያለ ምክንያት እየበራች አስቸገረችው፤ ዘይቱን ያያል፣ ሙሉ ነው፤ እሷ ግን ቀይ እንደሆነች ናት። ሞተሩ ላይ ያለችው ዘይት የምትቆጣጠረው ዕቃ መበላሸቷ ገባውና የጥገና መጠየቂያ ሞላ። «ነገ» ተባለ። በሳምንቱ ሄደ፣ «ነገ»። ሌላ ፎርም ሞላ፣ «ጋሽ ረታ፣ ነገ አልንዎት እኮ!» አለቆቹ ደግሞ አጠገቡ ሲቀመጡ ቀይ መብራት ያያሉ፣ «ልትቃጠል ነው እንዴ?» እያሉ ነፍሱን ያወጡታል። አንድ ቀን ከአንድ ነርስ ፕላስተር ለምኖ ለጠፈባትና ሰላም አገኘ። በዚያ መሥሪያ ቤት ግቢ የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ እንዲሁ ነበሩ፤ አንዱ የፍሬኑን መብራት ሸፍኗል፣ አንዱ የባትሪውን። ሹፌሮቹ «ቁስለኞች» ይሏቸው ነበር። ቁልፉን ለአብኔር ሲሰጥም «ይቺን መብራት አትስማት፣ ትዋሻለች» ብሎ አስረክቦታል።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ ገመዱ እስኪወርድ ቆሙ። ጠባቂው አብኔርን ያውቀዋል። «ዛሬ አባትህን ነው የጫንከው? ስንት ኪሎ ናቸው?» ብሎ ቀለደ። አብኔር ፈገግ አለ። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ነበር፤ ያኔ ነው ረታ የሰማው። ከሞተሩ ሆድ ውስጥ፣ ከሩቅ፣ የማንኪያ ጫፍ ብርጭቆ ሲነካ ያለ ድምፅ። ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። ገመዱ ወረደ፣ አብኔር ነዳጅ ሰጠ፣ ድምፁ በሞተሩ ጩኸት ተዋጠ። አብኔር አልሰማም። ነፋሱ በመስኮቱ እየገባ ይጮሃል፣ ሐሳቡም ሌላ ቦታ ነው። ረታ ግን ከዚህ ሞተር ጋር ከሚስቱ ያላነሰ ኖሯል። ዘይት ጠምቷታል። ዛሬ ወይ ትደርሳለች ወይ አትደርስም።

አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። መጀመሪያ ያዘጋው ያ ሕግ ነው። ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሞተሩ እዚህ ጫካ መሐል ቢነክስ፣ ተጣብቆ ቢቆም፣ ዛሬ ትየርኪዲ የሚደርስ የለም። ኛባንግ አትመጣም፤ ወረቀቷም እንደገና ደጅ ጥናት ነው። ክፍሏ ክፍሉ እንደሆነች ትቀራለች። ማንም በማንም ላይ ክፉ አልሠራም፤ መኪና ነው፣ መኪና ይበላሻል። ይህን አሰበ። አስቦ ደነገጠ። ደንግጦም ዝም አለ፤ የቀዘቀዘውን ጠርሙስ በሁለት እጁ ጭኑ ላይ ይዞ፣ የባሮ ዳር ዛፎች በመስኮቱ ሲያልፉ እያየ፣ ጆሮው ግን ሌላ ምንም ሳይሰማ።

«አባባ» አለ አብኔር ድንገት።

«አቤት።»

መሪውን አጥብቆ ይዞ መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው። ረታ ጠበቀ።

«ውሃው ቀለጠ? ይጠጡ።»

«እሺ» አለ ረታ፣ ጠጣም።

ኢታንግን አለፉ። ገበያው ገና መሙላቱ ነው፤ ዓሣ ተንጠልጥሏል፣ ባጃጆች መንገዱን ዘግተዋል፣ አብኔር ቀስ ባለ ቁጥር ያ ማንኪያ ብርጭቆውን ይመታል፣ አሁን ጠንከር ብሎ። አንዲት ሴት እንኳ ዞር ብላ አየች። አብኔር ጥሩምባ እያሰማ ስለነበር አልሰማም። ከገበያው ወጥተው መንገዱ ሲገለጥላቸው ፊቱ ፈታ አለ፤ ለሁለተኛ ጊዜ «አባባ» አለ።

«አቤት ልጄ።»

«ኛላምን እኮ ነው የማስበው» አለ። ሊል የፈለገው ይህን እንዳልሆነ ከድምፁ ይታወቃል፤ ያኛውን ፈልጎ ሲያጣ ያገኘው ነው። «ምጧ የሚመጣው ሌሊት ቢሆን ባጃጅ አይገኝም፤ አምቡላንስ ቢደወልም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። ግን አልፈራም። ይቺ አለችኝ።» ዳሽቦርዱን በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገው፣ ልክ ረታ ድሮ እንደሚያደርገው። «ይቺ አታሳፍረኝም።»

ረታ ጠርሙሱን እግሩ ሥር ጣለው።

«አቁም።»

«ምነው?»

«አቁማት አልኩህ!»

እጁን በልጁ ክንድ ላይ አሳልፎ ፕላስተሯን በጥፍሩ ላጣት። ሥሯ ቀይ ነበር። የመብራቷ ቅላት በፀሐይ እንኳ ዓይን ይወጋል። አብኔር አንድ ጊዜ አያት፣ ከመንገዱ ወረደ፣ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ሲጠፋ ጸጥታው ጋቢናውን ሞላው፤ ከዚያ የወፎቹ ድምፅ መጣ።

ወርደው ኮፈኑን ከፈቱ። አብኔር የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየ፤ ጠርጎ መልሶ ከትቶ እንደገና አየ። ጫፉ ላይ እንደ ቅንድብ የቀጠነች ጥቁር መስመር ብቻ ናት።

«ትዋሻለች ብለውኝ ነበር» አለ።

«ያኔ ትዋሽ ነበር። ጡረታ ልወጣ ስል ጋራዥ ወስጄ ያቺን ዕቃ በራሴ አስቀየርኳት። ፕላስተሩን ግን ሳላነሳ ቀረሁ። ሳላያት መንዳት ለምጄ ነበር» አለ ረታ። «ስሰጥህም የድሮውን ነገር ነገርኩህ።»

«እኔ እኮ አንድ ሁለቴ ላነሳት አስቤ ነበር። አባቴ የለጠፈውን እንዴት አነሳለሁ ብዬ ተውኩት።» ዘንጉን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። «ትንሽ ብንሄድ ኖሮ ነክሶ ነበር።» ከዚያ ቀና አለ። የሹፌር ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ድንገት እንደማይመጣ ያውቃል። «እርስዎ በድምፅ ነው የለዩት።»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሰሙት?»

ረታ «አሁን ነው» ማለት ይችል ነበር። ማን ያውቅበታል? ቃሉ አፉ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

«ከኬላው ጀምሮ።»

አብኔር ወደ መጡበት መንገድ ዞሮ አየ፤ ከዚህ እስከ ኬላው ያለውን ሁሉ በዓይኑ የሚለካ ይመስል። «ከኬላው? ለምን?»

«ውሃ ስሞላ መስኮታችሁ ክፍት ነበር» አለ ረታ።

አብኔር ዘንጉን መልሶ ከተተው። አወጣው። ከተተው። ረታ ሄዶ ከአንዲት ግራር ሥር ተቀመጠ። ልጁ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ቀረ። በመካከላቸው ሃያ እርምጃ ይሆናል፤ ፀሐዩ ያን ሃያ እርምጃ እንደ ምጣድ አግሎታል።

እንዲህ ሆነው ሳለ ከትየርኪዲ በኩል አንድ ሞተር ሳይክል መጣ። ባለቤቱ ጋትኩዋት ነው፤ ከኢታንግ ሰው የሚያመላልስ፣ የመንገዱን ሹፌር ሁሉ የሚያውቅ ሰውዬ። አቁሞ አንዱን እግሩን መሬት አሳረፈና ከኮፈኑ ወደ ግራሩ፣ ከግራሩ ወደ ኮፈኑ አየ።

«ማሌ ጋሽ ረታ!» አለ በኑዌርኛ ሰላምታ። «ይሄ ምንድን ነው? ሹፌር አባት፣ ሹፌር ልጅ፣ ሁለት ሹፌር ሆናችሁ ዘይት አለቀባችሁ?»

«አለቀብን» አለ ረታ።

«አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ይተኛል ማለት ነው!» ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አለመሳቁን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም» አለ አብኔር። «ኢታንግ ሂድና አራት ሊትር አምጣልኝ፣ ወንድሜ።»

«አራት ሊትር? የዘይት ዋጋ ሰምተሃል? በዚያ ዋጋ በግ ይገዛል፤ በጉ ደግሞ አይፈስም» አለና ገንዘቡን ተቀብሎ አቧራውን እያስነሳ ሄደ። ቀልዱም አብሮት ሄደ። እስኪመለስ አንድ ሰዓት ፈጀበት። በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ አብኔር አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ግራሩ መጣ፤ ረታ ጋቢና ውስጥ የጣለውን ጠርሙስ አምጥቶ አጠገቡ አስቀመጠለትና ምንም ሳይል ተመለሰ። ውሃው ሞቋል። ረታ ጠጣው። ይቅርታ ማለት ይሁን ወይም አለማለት፣ ሊለየው አልቻለም፤ ከልጁ ጋር ብዙ ስላልተነጋገረ የዝምታውን ዓይነት እንኳ አያውቀውም።

ዘይቱ ሲገባ አብኔር ከሥር ተኝቶ የሚያፈሰውን ብሎን አጠበቀ፣ ሞተሩን አስነሳ። መብራቷ ለአንድ አፍታ ቀላችና ጠፋች። ማንኪያው ዝም አለ። ፕላስተሯን ማንም አልመለሳትም፤ ረታ ከጣቱ ላይ ሊያራግፋት ቢሞክር እምቢ ስላለችው ኪሱ ውስጥ ጠርጓት ነበር።

ትየርኪዲ ሲደርሱ ኛባንግ ከበሩ አጠገብ፣ ዛፍ ሥር፣ በራሷ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር የጠበቀቻቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ግንባሯ የተሸበሸበ ሴት ናት። አንድ ጥቅል ጨርቅ፣ አንድ ምንጣፍ፣ ወንበሯ፤ ዕቃዋ ይኸው ነው። አብኔር ከሩቅ አንገቱን ደፍቶ ሰላም አላት፤ እሷም ወደ መሬት እያየች መለሰችለት። ወረቀቷ እስኪታይ፣ እስኪመዘገብ፣ ማኅተም ያለው ሰው ምሳ በልቶ እስኪመለስ ሰባት ሰዓት አለፈ። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ ሦስት ሆነው ገቡ። ረታ ለምን እንደመጣ ያኔ በደንብ ገባው። አማችና አማት ጎን ለጎን ስለማይቀመጡ መሐል የሚገባ ሰው ያስፈልጋል። እሱ መሐል ገባ፣ የማርሹ ዘንግ በጉልበቶቹ መካከል፤ አብኔር ወደ ግራው መስኮት፣ ኛባንግ ወደ ቀኙ መስኮት ተጠጉ። አብኔር ማርሽ በቀየረ ቁጥር እጁ የአባቱን ጉልበት ይነካል። ከገና ወዲህ ሲነካኩ የመጀመሪያቸው ነው። ኢታንግ ላይ ዳቦ ገዙ፤ አንዱ አንዱ ፊት ስለማይበላ ዳቦው እንደተጠቀለለ ቀረ። ረታም ብቻውን ማላመጥ አፈረና ሦስቱም ዳቦ ታቅፈው ተርበው ሄዱ።

ኬላው ላይ ገመዱ እስኪወርድ ሲቆሙ ረታ ሳያስበው ጆሮውን ጣለ። ምንም የለም። አብኔርም እንደሱ ሲያዳምጥ አየው። ዓይን ለዓይን ተጋጩ፣ ልጁ ቀድሞ ዞረ።

«ሲፈንን ትናንት ደውዬላት ነበር» አለ አብኔር ወደ መንገዱ እያየ። አማቱ አማርኛ እንደማትሰማ ያውቃል። «ይምጡ ብላለች። ልጆቹን አንድ አልጋ ላይ አስተኛቸዋለሁ አለች።»

«ደግ አደረገች» አለ ረታ።

ገመዱ ወረደ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግቢ ሲገቡ ኛላም ሆዷን ደግፋ እየሮጠች ወጣች፣ እናቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች፣ ሁለቱም አለቀሱ። ረታ በጎን አልፎ ወደ ክፍሉ ገባ። ሰው እስኪነግረው መጠበቅ አልፈለገም። ከአልጋው ሥር የእሙዬን ቡናማ ሻንጣ ጎተተ፤ ሸሚዞቹን፣ ሬዲዮኑን፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ከተተ። አንሶላውን አንስቶ ንጹሕ አነጠፈ። የቀን መቁጠሪያውን ከምስማሩ አወረደና የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ ሻንጣው ውስጥ ቢታጠፍ ይቀደዳል። መልሶ ሰቀለው። ቬንቲሌተሩን ለእንግዳዋ ከፈተላትና ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

ኛባንግ በሩ ላይ ቆማ ነበር፣ ወንበሯን በእጇ ይዛ። ሻንጣውን አየች። በእሱ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች፤ አንድ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የወንድ ኮፍያ፣ ከአልጋው ሥር የተረሱ ጫማዎች። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ በኑዌርኛ የሆነ ነገር ጠየቀች። እናትየው ደግማ ጠየቀች። ኛላም አንገቷን ደፋች፤ አልተረጎመችም።

መተርጎም ግን አላስፈለገም። ረታ ኑዌርኛ የሚያውቀው የሹፌር ያህል ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰዎች ከኋላ ሆነው የጮሁለትን ቃላት፣ ቁም፣ ውሃ፣ የት ነው፣ ታመመ፣ እንተኛ የሚሉትን። ሴትዮዋ የጠየቀችው ይህ ሰው የት ነው የሚተኛው ብላ ነው።

ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ሰው ታቅፎት የዞረውን ጥያቄ ነው። አብኔር ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል፤ አማቱ ፊት መናገር ያፍራል፣ አባቱ ፊት መናገር አቅቶታል። ረታ ልጁን ከሐፍረቱ ሊያወጣው ቢፈልግ «መቱ ልጄ ጋ» ብሎ መገላገል ይችል ነበር። ጠዋት ግን አርባ ኪሎ ሜትር ሙሉ ዝም ብሎ ምን ሊያጠፋ እንደነበር አይቷል። የሚያውቃቸውን ጥቂት ቃላት ለቃቅሞ፣ በተሰበረ ኑዌርኛ፣ «አላውቅም» አላት። «እዚህ ነበር።»

ኛባንግ ትንሽ አየችው። ከዚያ ወንበሯን ከበሩ ውጪ፣ ከኒሟ ጥላ ሥር አስቀመጠች፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ተቀመጠችም። ኛላም ክንዷን ይዛ ልታስነሳት ሞከረች፤ እናትየው እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀችና መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ፊት ለፊት እያየች ጸና ብላ ተቀመጠች። ወደ ክፍሉ ግን አልገባችም። ግቢው ውስጥ የሚሰማው ወደ ግራ ብቻ የሚዞረው ቬንቲሌተር ነበር፤ ባዶውን ክፍል ያቀዘቅዛል።

«ነገ አናጢ እጠራለሁ» አለ አብኔር በመጨረሻ። ወደ ማንም አላየም። «በኒሟ በኩል አንድ ክፍል ይወጣል። ቆርቆሮም አለን። ነገ።»

ነገ። ረታ ይቺን ቃል ያውቃታል። ሃያ ሁለት ዓመት ፎርም እየሞላ ሰምቷታል፤ እሷን ሲጠብቅ ነው ፕላስተር መለጠፍ የተማረው። ልጁን አየው። አብኔር አሁን አንገቱን አልደፋም፤ ሸሚዙ ጫፍ ላይ የጠዋቱ ዘይት ደርቋል፣ ዓይኖቹም ቀልተዋል፣ ከአቧራው ይሁን ከሌላ እንጃ።

«እሺ» አለ ረታ።

ጎህ ሲቀድ የሞላው ጀሪካን እዚያው ደጃፉ ላይ ነበር። ጎትቶ ከኛባንግ ወንበር አጠገብ አመጣውና ተቀመጠበት። ሻንጣውን በጉልበቶቹ መካከል አቆመው፤ አልከፈተውም፣ ወደ መኪናዋም አልወሰደው። ጥላው ገና ብዙ አለው፣ ነገ ደግሞ ሩቅ ነው። ሁለቱ አዛውንቶች ጎን ለጎን ተቀምጠው መጠበቅ ጀመሩ።